የኮርሳ መሪና ስቴም አመራረጥ፦ መጀመሪያ መለካት፣ ከዚያ መግዛት

አዳማ ላይ ኮርሳ፣ ማለትም መሪው ወደ ታች የታጠፈ የእሽቅድምድም ብስክሌት፣ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ሰልባጅ ነው። ገዢው ማርሹን ይቀያይራል፣ ጎማውን ይጫናል፣ ቴላዮው (የብስክሌቱ አካል) ብረት ይሁን አሉሚኒየም አንኳኩቶ ያጣራል። መሪውንና ስቴሙን (መሪውን ከፎርኩ፣ ማለትም የፊት ጎማውን ከሚይዘው ሹካ አንገት ጋር የሚያያይዘውን አጭር ክንድ) ግን እንደመጣ ይቀበላል። እነሱ ደግሞ የተመረጡት ለቀድሞው ባለቤት ክንድና ወገብ ነው። ሶደሬ ደርሶ መልስ በአንገት ሕመም ሲያልቅ፣ ወንጂ ሳይደረስ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ሲደነዝዙ፣ ሰው ኮርቻውን ወይም የራሱን አቅም ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከፊት ለፊት ያለችው የጥቂት ሴንቲ ሜትር ስህተት ናት።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ገንዘብ ይተርፋል፦ ርቀቱን መለካት፣ ቀጥሎ መሪውን መምረጥ፣ ስቴሙን መጨረሻ ላይ መግዛት። በየቦታው የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው፤ "ረዘመብኝ" ያለ ሰው ሮጦ አጭር ስቴም ይገዛል። መሪ የሚመጣው በጥቂት ዓይነት ቅርጽ ነው፤ ከተገጠመና ናስትሮው (የመያዣው ጥብጣብ) ከተጠቀለለ በኋላ መቀየሩም አሰልቺ ሥራ ነው። ስቴም በየ10 ሚሊ ሜትር ልዩነት ስለሚሠራና በደቂቃዎች ስለሚቀየር፣ መሪው የተወውን ጉድለት የሚሞላው እሱ ቢሆን ይሻላል።

ርቀቱ ከምን ይደመራል

ከኮርቻው እስከ እጅዎ ያለው ርቀት የአራት ነገሮች ድምር ነው። የመጀመሪያው የቴላዮው ርዝመት ነው፤ እሱ አይለወጥም። ሁለተኛው ስቴሙ ነው። ሦስተኛው መሪው ራሱ ወደፊት የሚዘረጋው ርቀት ሲሆን፣ ሻጮች ሪች ይሉታል፤ ከላይኛው ቀጥታ ክፍል መሃል እስከ ኩርባው የመጨረሻ የፊት ነጥብ ይለካል። አራተኛው ላስቲክ የለበሰው የፍሬን እጀታ ራስ፣ ማለትም ሁዱ ነው። ሁለት መሪዎች ስፋታቸው እኩል 42 ሴንቲ ሆኖ የአንዱ ሪች 70፣ የሌላው 100 ሚሊ ሊሆን ይችላል። ይህ የሦስት ስቴም መጠን ልዩነት ነው። "100 ስቴም ይሆነኛል" የሚል ሰው የመሪውን ሪች ካልነገረዎ ምንም አልነገረዎትም።

ኮርቻው ሳይስተካከል መሪ አይነካም

ኮርቻው በትክክለኛ ቦታው ካልሆነ ከፊት የሚለካው ሁሉ ከንቱ ነው። ጫማ አውልቀው ግድግዳ ተደግፈው ይቁሙ፤ ደረቅ መጽሐፍ በጉያዎ መሃል ወደ ላይ ጠበቅ አድርገው ይያዙና ከወለል እስከ መጽሐፉ ጫፍ ይለኩ። ያን ቁጥር በ0.883 ያባዙት፤ የሚወጣው ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ማዕከል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ቁመት ነው። ጉያው 82 ሴንቲ የሆነ ሰው 72.4 ሴንቲ ላይ ይጀምራል። ይህ መነሻ ነው፤ በሶሉ ውፍረትና በፔዳሉ ዓይነት ጥቂት ሚሊ ወዲያ ወዲህ ማለት ያለ ነው።

ቀጥሎ ፔዳሎቹን ከመሬት ጋር ትይዩ አድርገው፣ ከፊተኛው ጉልበት ሎሚ በታች ካለችው አጥንት ቱንቢ ያውርዱ። ክሩ የፔዳሉን አክሰል አካባቢ ቢነካ ጥሩ መነሻ ነው። የኮርቻውን ጠፍጣፋነት በውሃ ልክ ያረጋግጡ፤ አፍንጫው ወደ ታች ያዘነበለ ኮርቻ ሰውነትን ወደፊት ስለሚያንሸራትት መሪው ጥሩ ሆኖ ሳለ እጅ ይደነዝዛል። ከዚያ የኮርቻውን ቦታ በናስትሮ ምልክት ያድርጉበትና ይተዉት።

ኮርቻውን ወደፊት ገፍቶ መሪውን "ማቅረብ" በጣም የተለመደ አቋራጭ ነው፤ መጥፎም ነው። ጉልበት ከፔዳሉ ፊት ይሄዳል፣ ዳሌ ከኋላ የሚይዘው ሚዛን ይቀንሳል፣ የጎደለውን ክብደት መዳፍ ይሸከመዋል። ርቀት ከፊት ነው የሚስተካከለው።

ሳይገዙ መለካት

የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ናስትሮ፣ ስልክና አንድ ረዳት ነው። መጀመሪያ ለሩብ ሰዓት ያህል በሜዳ መንገድ ላይ ይንዱ፤ ያልሞቀ ወገብ ይዋሻል። ከዚያ ብስክሌቱን ሁለቱም ጎማ በእኩል ከፍታ ላይ ሆኖ በበር መቃን መሃል ያቁሙት፤ ረዳትዎ ከፊት ጎማውን በጉልበቱ ይያዝ።

ኮርቻው ላይ በተለመደው ቦታ ይቀመጡ። እጅዎን ከመሪው ያንሱ፣ ከዳሌ ታጥፈው ወደፊት ያጎንብሱ፤ ጀርባን ማጉበጥ ሳይሆን ዳሌን ማዞር ነው። ጎንዎ ከአግድም መስመር ወደ 45 ዲግሪ ሲጠጋ ክንድዎን ልቅ አድርገው ያንጠልጥሉ። አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ክርኖች ትንሽ እጥፍ እንዳሉ እጆችን ወደፊት ያምጡና በተፈጥሯቸው የሚያርፉበት ይረፉ። ረዳቱ መዳፉ ያረፈበትን ነጥብ በናስትሮ ያመልክት። ሦስት አራት ጊዜ ይድገሙት፤ ነጥቦቹ ከተበታተኑ ሙከራው አልበቃም ማለት ነው።

በምልክቱና እጅ መያዝ በሚገባው የሁድ ጎድጓዳ መሃል ያለው ርቀት የሚፈልጉት ቁጥር ነው። እጅዎ ከሁዱ 2 ሴንቲ ወደ ኋላ ካረፈ ጠቅላላው 20 ሚሊ ሊያጥር ይገባል፤ ከሁዱ አልፎ አየር ላይ ከሄደ ያጥርብዎታል ማለት ነው።

ከጎን ፎቶ ያንሱ፤ ስልኩ በዳሌ ከፍታ፣ ከሦስት አራት ሜትር ርቀት ላይ ይሁን፤ ከቅርብ የተነሳ ፎቶ ቅርጹን ያዛባል። በፎቶው ላይ የላይኛው ክንድና ጎን የሚሠሩት ማዕዘን 90 ዲግሪ አካባቢ ሊሆን ይገባል። ከዚያ በጣም ከሰፋ ተዘርግተዋል፤ ከጠበበ ተጨብጠዋል።

ክርንን ኮርቻ አፍንጫ ላይ አስደግፎ ጣት መሪ ይነካል አይነካም ብሎ መለካት በየጥገናው ቤት የሚሰማ ዘዴ ነው። የክንድን የታችኛውን ግማሽ ብቻ ነው የሚለካው፤ የወገብን ርዝመትም መተጣጠፍንም አያውቅም። "ሁዱን ይዘህ ቁልቁል ስታይ መሪው የፊት ጎማውን እምብርት መሸፈን አለበት" የሚለውም እንዲሁ ነው፤ የፎርኩ ዘንበል ከቴላዮ ቴላዮ ስለሚለያይ ለአንዱ ይሠራል፣ ለሌላው ያሳስታል። ሁለቱንም ይተዉአቸው።

ሰውነት የሚሰጠው ምልክት

ርቀቱ ሲረዝም ክርን ቀጥ ብሎ ይቆለፋል፤ ስለዚህ የአስፋልቱ ንዝረት ሁሉ በቀጥታ ወደ ትከሻ ይሄዳል። ማጅራት ይጠጥራል። ሰውዬው ሳያውቀው እየተንሸራተተ ኮርቻ አፍንጫ ላይ ይቀመጣል። ከሁሉ በላይ ግልጹ ምልክት እጅ ከሁዱ ኋላ፣ ኩርባው ከመጀመሩ በፊት ባለው ጠፍጣፋ ላይ ዘወትር ማረፉ ነው፤ አካል ራሱ አጭር ስቴም እየጠየቀ ነው። ያ ቦታ ደግሞ ፍሬን የለውም፤ ፍራንኮ አካባቢ ባጃጅ ድንገት ሲታጠፍ የሚያስፈልገው ግማሽ ሰከንድ እዚያ ይጠፋል።

ሲያጥር ደግሞ ጀርባ ይጎብጣል፣ ቁጭ ብሎ ሲነዳ ጉልበት ወደ ክርን ይጠጋል፣ ቆሞ ሲጋለብ መሪውን ይመታል፤ መዳፍም የሁዱን ጎድጓዳ አልፎ ወደ ፊተኛው ቀንዱ ጫፍ ይወጣል። ክብደቱ ከፊት ጎማ ስለሚርቅ በቁልቁለት ኩርባ ላይ ፊቱ የቀለለ ይመስላል።

የጣት መደንዘዝን ለብቻው ማየት ይገባል። ትንሿ ጣትና ቀለበት ጣት የሚደነዝዙት በመዳፍ ውጫዊ ጠርዝ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሲጫን ነው። መሪው ሲርቅ ወይም ሲወርድ ጭነቱ ይብሳል፤ ነገር ግን ያዘነበለ ኮርቻም፣ በጣም የተነፋ ጎማም፣ ወደ ታች የዞረ ሁድም ያመጡታል። ስቴም ከመግዛትዎ በፊት እነዚህን ያጣሩ፤ ወጪ የላቸውም።

ወጪ ከሌለው ነገር ሳንወጣ፦ የመሪውን ቡሎኖች ላላ አድርገው መሪውን በጥቂት ዲግሪ ወደ ላይ ማዞር ሁዱን ከፍ ያደርገዋል፣ ያቀርበዋልም። ናስትሮውን ፈትቶ ሁዱን ራሱን በኩርባው ላይ ወደ ላይ መሳብም እንዲሁ። በእነዚህ ብቻ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ይገኛል። ልኩ ከላይኛው ጠፍጣፋ እስከ ሁዱ ያለው መስመር ያለ ጉድጓድ ሲፈስ፣ የታችኛው መያዣ ጫፍም ወደ ኋላ ፍሬን አካባቢ ሲያመለክት ነው። ከዚያ በላይ ካዞሩት ሁዱ ሰማይ ያያል፣ ከታች ሲይዙ ደግሞ ፍሬኑ ላይ አይደርሱም።

መሪው

ስፋት። ረዳትዎ ከኋላ ቆሞ ትከሻዎ ላይ፣ ክንድ ከሚጀምርበት ጫፍ ያለውን ጠጣር አጥንት ይዳስስ፤ ከአንዱ አጥንት እስከ ሌላው ይለካ። ያ ቁጥር የመሪው ስፋት መነሻ ነው። ገበያ ላይ በ2 ሴንቲ እየዘለለ ከ36 እስከ 46 ይገኛል። በሁለት መጠን መካከል ከወደቁ ጠባቡን መምረጥ ያዋጣል፤ በነፋስ ይረዳል፣ በመኪናና በባጃጅ መሃልም ያሳልፋል። ሰፊ መሪ ግን በተበላሸ መንገድ ላይ ለመቆጣጠር ይቀላል። ስፋት ርዝመትን ይጨምራል ሲባል ይሰማል፤ በሁለት ሴንቲ ልዩነት የሚመጣው ለውጥ ግን ከአንድ ሚሊ አካባቢ አያልፍም።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንዱ አምራች ከቱቦ መሃል እስከ ቱቦ መሃል፣ ሌላው ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ይለካል። የቱቦው ውፍረት 23.8 ሚሊ ስለሆነ ያው መሪ በአንዱ 42፣ በሌላው 44 ይባላል። ሜትር ይዘው ይሂዱ። ለውድድር የሚዘጋጅ ወጣት ደግሞ ሕጉን ይወቅ፤ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ዩሲአይ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በጎዳና ውድድር ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ከ350 ሚሊ የጠበበ መሪ ከልክሏል፤ ለ2026 ደግሞ ዝቅተኛውን ወደ 400 ሚሊ ከፍ አድርጎታል። በመሃል ልኬት 38 የሆነ መሪ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 404 አካባቢ ስለሚሆን ለጥቂት ያልፋል።

ሪችና ድሮፕ። ድሮፕ ማለት ከላይኛው ክፍል እስከ ታችኛው መያዣ ያለው ጥልቀት ነው። ከአውሮፓ የመጡ የቆዩ ኮርሳዎች ላይ ብዙ ጊዜ ሪቹ ከ85 እስከ 100፣ ድሮፑ 140 እና ከዚያ በላይ የሆነ ትልቅ ክብ መሪ ይገኛል። ኮምፓክት የሚባሉት የዘመኑ መሪዎች ሪቻቸው ከ70 እስከ 80፣ ድሮፓቸው ከ120 እስከ 130 ነው። ሰልባጅ ለገዛ አብዛኛው ሰው መፍትሔው እዚህ አለ፤ አዳማ ላይ ደግሞ ምክንያቱ እጥፍ ነው።

ከከተማው ወጣ ሲባል የሚታዩት የነፋስ ተርባይኖች፣ የአዳማ አንድ 51 እና የአዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት፣ እዚያ የተተከሉት ነፋሱ ስላለ ነው። የአየር ተቃውሞ በፍጥነት ካሬ ልክ ያድጋል፤ ፊት ለፊት ሲነፍስ ጎንበስ ማለት የሚያተርፈውን ያህል ሌላ ምንም አያተርፍም። ታችኛውን መያዣ የማይነካ ሰው ግን ይህን ትርፍ አያገኝም። 150 ሚሊ የሚወርድ መሪ ያለው ሰው ለአምስት ደቂቃ ይይዘውና ወገቡን ሲያመው ይለቀዋል፤ 125 ሚሊ የሚወርደው ግማሽ ሰዓት ይይዘዋል። በአሰላ መንገድ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አዋሽን ተሻግሮ በዴራና በኢተያ በኩል ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ሲወጣ እጅ ሰዓታትን የሚያሳልፈው ከላይና ሁድ ላይ ነው፤ ደረትም ተከፍቶ መተንፈስ አለበት። አጭር ሪች ያለው መሪ ሁለቱንም ያስታርቃል፤ ከላይኛው ክፍል እስከ ሁድ ያለው ልዩነት ስለሚያንስ ለአንዱ ያስተካከሉት ርቀት ሌላውን አያበላሽም።

የመሃል ውፍረት። ስቴሙ የሚጨብጠው የመሪው መሃል ሦስት የተለመዱ ልኮች አሉት፦ የአሁኖቹ 31.8፣ የቆዩት ኮርሳዎች 26.0፣ የተራራ ብስክሌትና አንዳንድ የጃፓን ሥሪት 25.4 ሚሊ። በአሮጌ የጣሊያን መሪ ላይ 26.4ም ይገጥማል። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ከሌለ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ አንድ ዙር ይጠቅልሉና ዙሪያውን ይለኩ፦ 10 ሴንቲ ሊሞላ ከሆነ 31.8 ነው፤ 81.7 ሚሊ ከሆነ 26.0፤ 79.8 ከሆነ 25.4።

በ26.0 ስቴም ውስጥ 25.4 መሪ ሲገባ የተጠበቀ ይመስላል፤ ጉድጓድ ላይ ግን ይዞራል። የለስላሳ ጣሳ ቆርጦ ማስገባት የተለመደ ነው፣ ግን ጣሳው ይሟሽሻል፣ ቡሎኑም አብሮ ይላላል። 25.4 መሪን 31.8 ስቴም ውስጥ ለማስገባት ግን 3.2 ሚሊ ውፍረት ያለው፣ በአንድ ጎኑ የተሰነጠቀ የአሉሚኒየም ቀለበት ያስፈልጋል፤ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አለ፣ ጥሩ የቶርኖ ባለሙያም ይሠራዋል። ስፋቱ ከስቴሙ መያዣ አይነስ። መሪ ወይም ስቴም ማስበየድ፣ ወይም የጎበጠ መሪ ማቃናት ግን አይታሰብ፤ የተሞቀ ወይም የታጠፈ አሉሚኒየም ጥንካሬው ተመልሶ አይመጣም፣ ሲሰበር ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ነው።

ሰልባጅ መሪ ሲገዙ ናስትሮው ይፈታ ብለው ይጠይቁ፤ ሻጩ እምቢ ካለ ይተዉት። ላብ ከናስትሮው ስር ገብቶ በተለይ የፍሬኑ ማሰሪያ አካባቢ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፤ ነጭ ዱቄትና ጉርብጥብጥ ካዩ አይግዙ። ሌላው ቦታ የስቴሙ ጠርዝ ያረፈበት መስመር ነው፤ ጥፍር የሚያስቆም ጭረት የስንጥቅ መጀመሪያ ነው። ታሪኩ ያልታወቀ የካርቦን መሪ በምንም ዋጋ ርካሽ አይደለም።

ስቴሙ

የስቴም ርዝመት ከፎርኩ አንገት መሃል እስከ መሪው መሃል ይለካል። በኮርሳ ላይ ከ80 እስከ 120 ሚሊ ያለው የተለመደ ነው። ስሌቱ ከ70 በታች ወይም ከ130 በላይ ካወጣ፣ ስቴሙን ሳይሆን ቴላዮውን ይጠርጥሩ፤ ለቁመትዎ ትልቅ ወይም ትንሽ ብስክሌት ይዘዋል። ያን በስቴም መሸፈን ይቻላል፣ አነዳዱ ግን ይበላሻል።

ማዕዘኑ የሚረሳ ነው። አብዛኛው ስቴም ላይ 6 ወይም 7 ዲግሪ ይጻፋል፤ ገልብጦ መግጠም ስለሚቻል አንዱ ስቴም ሁለት ነው። የፎርኩ ዘንበል 73 ዲግሪ በሆነበት ቴላዮ ላይ ባለ 100 ሚሊ፣ 6 ዲግሪ ስቴም ወደ ታች ሲገጠም መሪውን 98 ሚሊ ወደፊትና 19 ሚሊ ወደ ላይ ያኖረዋል። ሲገለበጥ 92 ወደፊት፣ 39 ወደ ላይ ይሆናል። ማለትም ምንም ሳይገዙ መሪው 20 ሚሊ ከፍ ይላል፣ 6 ሚሊ ይቀርባል። 17 ዲግሪ የሆነው ወደ ታች ሲገጠም ከመሬት ጋር ትይዩ ይተኛል፤ መልኩ ያምራል፣ ግን ወገባቸው ለሚታጠፍ ነው።

ከስቴሙ ስር ያሉት ቀለበቶችም ርቀት ይነካሉ። የፎርኩ አንገት ወደ ኋላ ስላዘነበለ 10 ሚሊ ቀለበት ሲጨመር መሪው ወደ 3 ሚሊ ይቀርባል፤ ሲወጣ ይርቃል። መሪውን ዝቅ ለማድረግ 20 ሚሊ ቀለበት ያወጣ ሰው ስቴም ሳይቀይር 6 ሚሊ አርዝሟል። በካርቦን አንገት ላይ ቀለበት መቆለል ልክ አለው፤ ብዙ አምራቾች ከ30 እስከ 40 ሚሊ በላይ አይፈቅዱም።

ሁሉን በአንድ እንየው። ብስክሌቱ ላይ 110 ስቴም፣ ሪቹ 95 ድሮፑ 145 የሆነ መሪ አለ፤ ሲለካ እጅ ከሁዱ 30 ሚሊ ኋላ ያርፋል። 80 ሚሊ ስቴም መግዛት ቁጥሩን ያሟላል፤ ታችኛው መያዣ ግን እንደጠለቀ ይቀራል፣ ስቴሙም ከተለመደው ጠርዝ ላይ ይወድቃል። ሪቹ 75፣ ድሮፑ 125 የሆነ መሪ ቢገዛ 20 ሚሊ ከመሪው ይገኛል፤ የቀረው 10 ሚሊ በ100 ስቴም ይሟላል። ታችኛው መያዣም ወደ 18 ሚሊ ከፍ ይላል። ወጪው ይበዛል፣ ግን ሁለተኛ ጊዜ አይወጣም።

ሁለት ሐሳብ ላይ ከሆኑ ወደ ስሌቱ የቀረበውን ይግዙና ከ5 ሚሊ በታች ላለው ልዩነት አይጨነቁ፤ እሱ በሁዱ አቀማመጥ ይስተካከላል። ለውጡ ከ20 ሚሊ ከበለጠ ግን አካል እስኪለምድ በሁለት ደረጃ ቢደረግ ይመረጣል፤ በተለይ ሲረዝም።

የተራራ ብስክሌት ላይ የኮርሳ መሪ

በየሰፈሩ የሚሞከር ነው፤ አብዛኛው አይሳካም። በጠፍጣፋ መሪ እጅ የሚያርፈው ስቴሙ መጨረሻ ላይ ነው። የኮርሳ መሪ ሲገባ ሪቹ 75፣ ሁዱ ደግሞ ሌላ 35 አካባቢ ስለሚጨምር እጅ 11 ሴንቲ ያህል ወደፊት ይሄዳል። የተራራ ቴላዮ ደግሞ ሲፈጠርም ረጅም ነው፤ 50 ሚሊ ስቴም እንኳ ላያስተካክለው ይችላል። የተራራ ፍሬን ማንሻ ለ22.2 ሚሊ ቱቦ የተሠራ ስለሆነ በ23.8ቱ ላይ አይገባም፤ የኮርሳው ማንሻ ደግሞ የሚስበው ሽቦ አጭር ስለሆነ በቪ ፍሬን ላይ አጥጋቢ አያቆምም። ገንዘቡን ለእውነተኛ ኮርሳ ቢያጠራቅሙ ይሻላል።

አገጣጠም

4፣ 5 እና 6 ቁጥር ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ)፣ ግሪስ፣ ጨርቅ ያዘጋጁ። አንገቱ ክር የሌለው፣ 28.6 ሚሊ የሆነው የዘመኑ ዓይነት ከሆነ መጀመሪያ የስቴሙን የፊት ክዳን ፈትተው መሪውን በጨርቅ ከቴላዮው ጋር አስረው ያቆዩት፤ በሽቦው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር። ከዚያ የላይኛውን ክዳንና የጎን ቡሎኖች ይፍቱ። ስቴሙ ሲወጣ ፎርኩን የሚይዘው ነገር የለም፤ ብስክሌቱን ካነሱት ፎርኩ ወድቆ ኩሽኔታዎቹ ይበተናሉ። ጎማው መሬት ላይ ይሁን።

አዲሱን ስቴም ያስገቡና አናቱን ይመልከቱ፦ የአንገቱ ጫፍ ከስቴሙ ወይም ከላይኛው ቀለበት 2 እስከ 3 ሚሊ ዝቅ ማለት አለበት። እኩል ከሆነ ክዳኑ አንገቱን ይጫናል እንጂ ኩሽኔታውን አያጠብቅም፤ የፊት መንቃቃት የማይጠፋላቸው ብስክሌቶች ብዙዎቹ እዚህ ነው የተበላሹት። ቅደም ተከተሉ አይገላበጥ፤ የጎን ቡሎኖች ላላ ብለው የላይኛው ክዳን በቀስታ ይጠበቃል፣ የፊት ፍሬን ይዘው ወዲያ ወዲህ ሲሉ መንቃቃቱ እስኪጠፋ፤ መሪው ግን በነፃ መዞር አለበት። ከዚያ ስቴሙን ከፊት ጎማው ጋር ያስተካክሉና የጎን ቡሎኖቹን እየተቀያየሩ ያጥብቁ። የላይኛው ክዳን ስቴምን አይይዝም፤ ሥራው ኩሽኔታ ማስተካከል ብቻ ነው።

የፊት ክዳኑ አራት ቡሎን ካለው በመስቀለኛ፣ በየሩብ ዙር እየተፈራረቁ ይጠበቅ፤ ከላይና ከታች ያለው ክፍተት እኩል ይሁን። ስቴሙ ላይ የተጻፈውን የማጥበቂያ ልክ ይከተሉ፤ አብዛኛው 5 ኒውተን ሜትር ነው። የልክ ቺያቬ ከሌለ የብሩጎላውን አጭር ጫፍ ቡሎኑ ውስጥ አስገብተው፣ ረጅሙን ክንድ ከቡሎኑ 10 ሴንቲ ላይ በሻንጣ መመዘኛ ቀጥ አድርገው ይሳቡ፤ 5 ኪሎ ሲያሳይ 5 ኒውተን ሜትር ነው። በቡሎኑ ጥርስ ላይ ቀጭን ግሪስ ይቀቡ፤ መሪውና ስቴሙ በሚጨባበጡበት ላይ ግን አይሁን። ካርቦን ከሆነ ለእሱ የተሠራው አሸዋማ ቅባት ይቀባል።

አንገቱ ክር ያለው፣ ስቴሙ ወደ ውስጥ የሚገባ የድሮው ዓይነት ከሆነ የአናቱን ቡሎን ሦስት ዙር ያላሉ፤ ቡሎኑ ላይ እንጨት አስደግፈው በመዶሻ ቀላል ምት ይምቱት፣ ውስጥ ያለው ሽብልቅ ይለቃል። ግንዱ 22.2 ሚሊ ነው፤ ሲገባ ግሪስ ይቀባ፣ ካልሆነ በብረት ቴላዮ ውስጥ አሉሚኒየሙ ተጣብቆ ይቀራል። ግንዱ ላይ የተቀረጸው የመጨረሻ ከፍታ መስመር ሁልጊዜ ከውስጥ ይደበቅ። የዘመኑን ስቴም በዚህ ላይ ለመግጠም 22.2ን ወደ 28.6 የሚያሳድግ አስማሚ ይሸጣል፤ ርቀት ማስተካከልን በጣም ያቀለዋል።

ሲጨርሱ የፊት ጎማውን በጉልበት መሃል ይዘው መሪውን በኃይል ለማዞር ይሞክሩ፤ ሁዶቹንም በሙሉ ክብደት ወደ ታች ይጫኑ። ምንም መንቀሳቀስ የለበትም። መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ ያዙሩት፤ ሽቦ ከተወጠረ፣ ወይም ሲዞር የኋላ ፍሬኑ ከያዘ፣ ሽቦውና ሽፋኑ አጥረዋል፤ ስቴሙ ሲረዝም ወይም ከፍ ሲል የሚጠበቅ ነው። ናስትሮውን ወዲያው አይጠቅልሉ። ሁዶቹ ያሉበትን ቦታ ምልክት አድርገው ሁለት ሦስት ጊዜ ይንዱ፣ አንዴ ሜዳ፣ አንዴ ዳገት፤ ቦታው ሲጸና ቡሎኖቹን እንደገና በልኩ ይፈትሹና ያኔ ይጠቅልሉት።